ወድቆ የማያውቅ ፈተና

አንድ ፈተና ማንንም ጥሎ የማያውቅ ከሆነ፣ ተፈታኙን ከማመስገን በፊት ፈታኙን መጠርጠር ይገባል። ይህን የምለው ለኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱን የምንውጠው እኛ ነንና።

አንድ መሥሪያ ቤት ለሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ፕሮግራም ሠራ። ነርሷ የልጁን ክብደት ስታስገባ ፕሮግራሙ የመድኃኒቱን መጠን ይነግራታል። ስሌቱን በየጠዋቱ የሚፈትን ሌላ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ስሌቱ ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ ያበራል። ድሮ ቀይ ሲበራ አንዱ ይነሳና ፈተናው የሚጠብቀውን መልስ ፕሮግራሙ በሰጠው ቁጥር ይተካዋል። ይህን ጉድ «ማስታረቅ» ይሉታል። በእጅ መተካቱ ሲሰለቻቸው፣ ፈተናው መልሱን በቀጥታ ከፕሮግራሙ እንዲወስድ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ቀይ የሚባል ነገር ጠፋ።

በቅርቡ የተቀጠረችውን መሐንዲስ ይህ ሰላም አላማራትም። ፕሮግራሙ ሥራ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው አለቃዋ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይሄ ፈተና ወድቆ ያውቃል?»

«ለምን ይወድቃል? እኛ ቤት ሁሉም ታርቋል» ብሎ ሳቀ። «አንቺ ልጅ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ።»

«ጥላዬ መድኃኒት አያዝም።»

አጠገቡ ተቀምጣ የፕሮግራሙን ቅጂ ከፈተች፤ መጠኑ እጥፍ እንዲሆን ስሌቱን ሆን ብላ አበላሸችው። ፈተናውን አስነሳች። አረንጓዴ።

የአለቃው ሳቅ ቀረ። «እስቲ ድገሚው።»

አረንጓዴ።

«ትክክለኛውን መልስ ማን ነግሮን ነበር?» አለችው።

ያበላሸችውን ስሌት ወደ ነበረበት መለሰች፤ የሐኪሞቹን መመሪያ ከፍተው በእጃቸው አሰሉ። ለመካከለኛ ልጅ ልክ መጣ። ክብደቱ ለበዛ ልጅ ግን ፕሮግራሙ ለአዋቂ ከሚፈቀደው በላይ አዘዘ። ከዚህ አይለፍ የሚለውን ጣሪያ ማንም አላስገባለትም፤ ዳር ዳሩን፣ በጣም ቀላሉንና በጣም ከባዱን ክብደት፣ የሞከረ አልነበረማ።

ተከሳሹን ምስክር ማድረግ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ትክክለኛው መልስ ከፕሮግራሙ ውጭ ይምጣ። ስህተት ሲገባ ሲወድቅ ያልታየ ፈተና አይታመን። ቀይ ሲበራም ምክንያቱ ይፈለግ እንጂ መብራቱ አይቀየር። ይህ ሊቅነት አይጠይቅም፤ ትንሽ እፍረት ይበቃዋል።

አለቃው ስልኩን አነሳ። የሕፃናት ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ታላቅ እህቱ ናት።

«እትዬ፣ ነገ ፕሮግራሙን እንዳትጠቀሙበት።»

«ምነው? ተፈትኖ አልፏል ብለህ አልነበር?»

«አልፎ ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው የፈተነው?»

ከመሐንዲሷ ፊቱን አዞረ። «ራሱን በራሱ ነው የፈተነው፣ እትዬ።»



«እንኳን ዛሬ ደወልክ» አለችው። «ነገ መርፌውን የምወጋው እኔ ነበርኩ።»