ገሉ ላይ የተጫረው ስም

ፕሮፌሰሩ በጥንቱ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። አስከሬናቸው ሲነሣ መርማሪዋ ከሥሩ አንድ የሸክላ ገል አየች፤ ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሟቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ፍርስራሽ የቆፈሩት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ስሙን ብቻ የሚጠቅሰው አንድ ንጉሥ በእርግጥ እዚያ እንደ ኖረ ለማሳየት ነበር። በቅርቡ የንጉሡ ስም የተጻፈበት ገል ወጣና ካምፑ በደስታ ሰከረ። ከእሳቸው ጋር የቀሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሴት ልጃቸው፣ ፎቶ አንሺው፣ እና ወላጆቹ ሲሞቱ ወስደው ያሳደጉት ረዳታቸው።

ልጅቷና ፎቶ አንሺው ከምሳ በኋላ ዕቃ ቤት ውስጥ አብረው ሲሠሩ እንደ ዋሉ ተናገሩ። ልጅቷ የአባቷ ዓይን እየደከመ እንደ ነበርም አነሣች። ረዳቱ ድንኳኑ ውስጥ ተኝቶ እንደ ነበር ገለጸ።

«ወደ ጉድጓዱ ምን ወሰዳቸው?» አለችው መርማሪዋ።

«እንጃ። ያንን ገል ከያዙ እግራቸው የት እንደሚረግጥ መቼ ያያሉ?»

መርማሪዋ ገሉን በአጉሊ መነጽር ስታገላብጥ ቆይታ ሦስቱንም ምግብ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሸክላው ጥንታዊ ነው» አለች። «ዘመን ያጋገረው ኖራ ላዩን ሸፍኖታል። ፊደሎቹ ግን ኖራውን ሰንጥቀው ነው የገቡት፤ ስለዚህ የተጫሩት አሁን ነው። ፕሮፌሰሩ ዓይናቸው ቢደክምም ጣታቸው የፊደሎቹን ስለት አልሳተም። ይህን የጥንት ፊደል መጻፍ የምትችሉት ልጃቸውና ረዳታቸው ብቻ ናችሁ፤ እሷ ደግሞ ከዕቃ ቤት አልወጣችም።» ወደ ረዳቱ ዞረች። «ገሉ እሳቸው ጋ እንደ ነበር ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ግን ነገርከኝ።»

ረዳቱ ለመካድም አልሞከረ። ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ ያን ስም በእጃቸው እንዲይዙት ብሎ ነበር የጫረው። እሳቸው ግን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ጠርተውት፣ ሐሰት መሆኑን ለዓለም አሳውቃለሁ አሉት። ለመናቸው። ገሉን ሊነጥቃቸው ታገለ።

«ስሜ ሊጠፋ ነው ብዬ ፈራሁ» አለ። «ገፋኋቸው።»

ልጅቷ አተኩራ አየችው።

«አባዬ ምሳ ላይ ነግሮኝ ነበር፤ ለማንም እንዳልናገርም አስምሎኛል። ስምህን ሊያነሣ አልነበረም። ‹ያሳሳተኝ ዓይኔ ነው እላለሁ፤ ልጄን የሰው መሳቂያ አላደርገውም› ነው ያለኝ። የጠራህም ይህንኑ ሊነግርህ ነበር።»

«አላስጨረስኳቸውም» አለ ረዳቱ።

ፎቶ አንሺው ደግፎ ሊያወጣት ተነሣ። እሷ ግን ወንበሯን ጎትታ ከወንድሟ አጠገብ ተቀመጠችና ትከሻው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። መርማሪዋ ካቴናውን ሳታወጣ ጠበቀቻቸው።