ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን

ታፈሰና አሰጋሽ የተዋወቁት በጠብ ነው። ሚዛን መናኸሪያ፣ እሱ ሚኒባስ ጣራ ላይ የቡና ጆንያ ሲጭን ጆንያው ተቀደደና እሷ ራስ ላይ ዘነበ።

«አንተ! ዓይንህ የት ነው?»

«አንቺ ላይ» አለ ከላይ ሆኖ።

አንገቷ ስር የገባውን ፍሬ እያራገፈች ሳቀች። የሳቀች ለት አለቀላት!

አባቷ አቶ ይትባረክ ግን የቤተክርስቲያን ሰው ናቸው፤ የበዓልና የጾም ቀን ቆጣሪ። ጥቅምት በባተ ለት ጠሯትና፣

«ቀን የማያከብር ሰው ሚስት አያከብርም» አሏት። «ያ ልጅ የልደት ለት ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ። ከቀረ ለሚካኤል ሽማግሌዎች እሺ እላለሁ።»

ሚካኤል ማለት ባለሱቁ ነው። ጥርሱ ወርቅ፣ ወሬውም ስለ ጥርሱ።

አሰጋሽ ለታፈሰ «ታህሳስ ሃያ ዘጠኝ፣ እንዳትረሳ!» አለችው። እሱም ከቴፒ ወዲያ፣ ኔትወርክ የሌለበት ጫካ፣ ብቻውን ቡና ሊያደርቅ ገባ።

ልደት ደረሰ። አሰጋሽ በር በሩን ስታይ ዋለች። ማታ ላይ ምንም አልተሰማትም። ሰሃን አጠበች። የታጠበውን ደግማ አጠበች።

ጎረቤቷ የሺሃረግ ወሬ ልትለቅም ብቅ አለች።

«አሰጉ፣ አልቅሺ እንጂ! ቀረ አይደል?»

«ቀረ።»

«እና?»

«እና ምን?»

አባቷ «ነገ ለሚካኤል እልካለሁ» ሲሏት «እሺ» አለች፤ ጨው አቀብዪ እንደተባለ ሰው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ታፈሰ! አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ በላስቲክ የቡና ፍሬ ይዞ።

«መኪና ላይ ነው የነገሩኝ... በዓሉ ትናንት ነበር አሉኝ።»

አሰጋሽ አየችው። ደስ አላላትም። አልተናደደችም። የሌላ ሰው እንግዳ የመጣ ይመስል ቆመች።

«ዘገየህ» አሉ አቶ ይትባረክ።

«አባባ፣ ሃያ ዘጠኝ ነው የተባልኩት! ከጥቅምት አንድ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ፍሬ ስጨምር ነበር። ይቁጠሩት።»

ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሰማንያ ዘጠኝ! ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሃያ ዘጠኝ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«ልደት ሃያ ዘጠኝ አይደል እንዴ አባዬ? ትናንትም ሃያ ዘጠኝ መስሎኝ... ሁሌ...»

«ሁሌ አይደለም! እመቤታችን መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ተበሰረች። ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ተቆጥሮ ነው ልደት የሚውለው። አምና ጳጉሜ ስንት ነበረች?»

«ስድስት...»

«ጳጉሜ አንድ ቀን ጨመረች ተብሎ እርግዝናው አይረዝምም! ስለዚህ ልደት በሃያ ስምንት ዋለ።»

አንዷን ፍሬ አነሱና ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

«ይቺ የጳጉሜ ናት። ሌላው ልክ ነው። ልጁ አልዘገየም፤ በዓሉ ነው የቀደመው። ግባ፣ ምሳ ብላ።»

«ሚካኤልስ?» አለች የሺሃረግ ከአጥር ወዲያ። ለካስ ስታዳምጥ ነበር!

«ጥርሱን ይዞ ሌላ ይፈልግ!»

አሰጋሽ አሁንም ምንም አልተሰማትም። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ላስቲኩ መመለስ ጀመረች። አርባ... ሃምሳ... ስልሳ ላይ መቁጠሯን አቆመች።

«አንድም ቀን አልዘለልክም?»

«ወባ የያዘኝ ለትም።»

ያኔ እንባዋ መጣ። የትናንቱም፣ የዛሬውም፣ አንድ ላይ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ልጅ ሲወለድ የሺሃረግ ከሠርጉ ቀን ጀምራ በጣቷ ቆጠረች፤ ሰፈሩም ሁሉ ቆጠረ፤ የሚታማ ቢገኝ ብሎ። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን!

«አንዲት ቀን እንኳን አታጎድልም ይቺ ልጅ?» አለች የሺሃረግ ተናዳ።

አቶ ይትባረክ ደረት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ።

«የጎደለ ቀን ቢኖር ከኔ ጋር አለ።»