ያልወለቀው እጅ

«ታዲያ የወለቀ እጅ ነው እንዴ ከበሮ የሚመታው?» አለ ሙሉሰው፣ በክፍሉ በር ላይ ቆሞ።

ሙሉሰው የስምንተኛ ክፍል አለቃ ነው። ዓርብ ከሰዓት ክፍል የሚጠርጉትን በየተራ የሚመድበው እሱ ሲሆን፣ ሥራውን ከሚኒስትር ሥራ አሳንሶ አያየውም። ዛሬ ተራው የእፀገነትና የአሚና ነበር። እንደ ወትሮው አሚና ብቻዋን ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች፤ እፀገነት በሩ አጠገብ ደጅ ቆማ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍናለች።

«ባለፈው እሁድ እፀገነትን በዓይኔ ነው ያየኋት ቲቸር። ከሰንበት ተማሪዎች ጋር ከበሮውን ስትደልቀው ነበር።»

ከሙሉሰው ጋር የመጡት መምህር ዘውዱ ወደ አሚና ዞሩ። «እጇ ወልቋል፣ ወጌሻው ምንም እንዳትይዝ ብሏታል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ ቲቸር።»

አሚና ምን ታድርግ! የጨርቅ ነጋዴው የኢብራሂም ልጅ ናት፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ማን ከበሮ እንደሚመታ በየት በኩል ትወቅ? እፀገነትም ብትሆን ከበሮ ካየች እጇ ወልቋል መባሉን ትረሳዋለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው ለዚህ ነው።

እውነቱን ከክፍሉ ልጆች የምታውቀው አሚና ብቻ ናት። እፀገነት አስም አለባት። አቧራ ይቀሰቅስባታል፤ የደብረ ታቦር የጠዋት ብርድም እንዲሁ። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን ዳገት ስትወጣ የጫማዋን ማሰሪያ የምታስር እየመሰለች ታርፋለች። ሲብስባት ደረቷ ያፏጫል፤ ሳቁም ጨዋታውም ይቀርና ሐሳቧ ሁሉ የሚቀጥለው ትንፋሽ ላይ ይሆናል።

ቀድሞ ገሳይ ከተማ ስትማር አትደብቀውም ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ፓፏን፣ ያንን በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት፣ ስትጠቀም ያዩ ልጆች «ይጋባል» ብለው ከዴስኳ ተነሱ። አስም እንደማይጋባ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ብቻዋን የተቀመጠችበትን ያን ዓመት አትረሳውም።

ደብረ ታቦር በመጣች ሰሞን አሚና ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ፓፏን ስትስብ አገኘቻት። «ለማንም እንዳትነግሪብኝ» ብላ እፀገነት ለመነቻት። አሚና ግን የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አሁን ተሻለሽ?» ከዚያ ወዲህ መጥረጊያው የአሚና ሆነ።

«እንግዲህ ሰኞ ወላጅ ይዘሽ ትመጫለሽ» አሏት መምህር ዘውዱ አሚናን። «እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻም ክፍሉን ብቻሽን ትጠርጊያለሽ።»

አሚና አንገቷን ደፋች። ሻርፗ አቧራ ለብሷል። አባቷ ውሸት እንዴት እንደሚጠሉ እፀገነት ታውቃለች። አሚና አንዲት ቃል ብትተነፍስ ነጻ ትወጣለች። እሷ ግን በጎን አየት አደረገቻትና «አንቺ ሂጂ፣ አቧራው ሳይነሳብሽ» አለቻት በሹክሹክታ።

የእፀገነት ዓይን እንባ አቀረረ። እናቷ መድኃኒት ትገዛላታለች፣ ሐኪሙ ደረቷን ያዳምጥላታል። በእሷ ፋንታ አቧራ የጠጣላት ግን ከአሚና በቀር ማንም የለም። አንድ ቀን እንኳ አመስግናት አታውቅም።

ወደ ክፍሉ ገባች። ጉሮሮዋ መከርከር ጀምሯል። ሙሉሰውና ከኋላው የተሰበሰቡት ልጆች ዓይናቸውን ተክለውባታል፤ የገሳዩ ዴስክ ትዝ አላት። ቢሆንም ቦርሳዋን ከፈተች። ፓፏን አውጥታ ነቀነቀችው፤ ሁሉም እያዩ በረጅሙ ሳበች። ትንፋሿን ይዛ ቆየች።

«አስም ነው ያለብኝ ቲቸር» አለች ትንፋሿን ስትለቅ። «አሚና የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው። ሰኞ ወላጅ ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።»

መልሳቸውን ሳትጠብቅ ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አሚና» አለቻት፤ ደጅ ያሉትም እንዲሰሙ ጮክ ብላ።