ነጭ ቀለም በዶኛ ኤሉቪያ ፊት ላይ

«ስንቱን ግድግዳ ነጭ ቀብተናል፤ ዛሬ ምን ተገኘ?» አለ ናቦር፣ የባልዲውን ቀለም በዱላ እያማሰለ።

ሴት ልጁ ያሬሊ ከባልዲው ራቅ ብላ ቆመች። አባቷ በምርጫ ሰሞን ግድግዳ ነጭ ቀብቶ የዕጩዎችን ስም ይጽፍበታል፤ እሷም ከትምህርት ቤት መልስ ታግዘዋለች። የዛሬው ግድግዳ ግን ሌላ ነው። በሜክሲኮ ሲቲ ዳር ያለው የእነሱ ሰፈር ቧንቧ ደርቆ ውሃው ለፋብሪካ ሲጫን፣ ሴቶቹ ባልዲ ይዘው ቦቴዎቹን ያስቆሙበት ቀን ተስሎበታል። ከፊት የቆሙትን፣ ሰፈሩ በአክብሮት «ዶኛ» የሚላቸውን የጎረቤታቸውን የዶኛ ኤሉቪያን ፊት የሳለችው ያሬሊ ናት።

«አባዬ፣ በቃ እምቢ በላቸው።»

«እምቢ ብልስ? ባለቤቱ ግድግዳውን ለዕጩው ሰጥቷል። እኔ ብተወው ነገ ሌላው ይቀባዋል። እኔን ደግሞ ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

የክፍሏ ልጅ ሊሳንድሮ በብስክሌት ሲያልፍ ቆመ። «ያሬሊ! የራስሽን ሥዕል? ኧረ ጉድ! ለማን ተሸጥሽ?»

«ሂድ ወደዛ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ናቦር የቀለም ሮለሩን ነክሮ ከዳር ጀመረ። ባልዲ የያዙት ሴቶች አንድ በአንድ ጠፉ። ያሬሊ እጇን አጣጥፋ ታያለች።

ዶኛ ኤሉቪያ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ታማል በሳህን ይዘው ከቤታቸው ወጡ። ናቦር ዓይናቸውን ማየት አቅቶት ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ዶኛ ኤሉቪያ።»

«አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ። ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ብሉ።» ግድግዳው ላይ ያለውን ፊታቸውን ቆመው አዩት። «ውሃው እንደሆነ አሁንም አልመጣ። እዚህ ግድግዳ ላይ ግን ቢያንስ ቆሜ ነበር።»

«ምን ላድርግልዎ?» አለች ያሬሊ።

«ምን ታደርጊያለሽ? እኔስ ምን አደርጋለሁ?» ጉንጯ ላይ የተፈናጠረውን ቀለም በአውራ ጣታቸው ጠርገውላት ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ናቦር ሮለሩን ወደ ዶኛ ኤሉቪያ ፊት አነሳ። ያሬሊ ክንዱን ያዘችው።

«እሱን ለኔ ተወው፣ አባዬ።»

ሮለሩን ሲያቀብላት አልወሰደችም። ትንሿን ብሩሽ አንስታ መሰላሉ ላይ ወጣች። ከግንባራቸው ጀምራ፣ ስትስላቸው እንዳደረገችው፣ ቀስ ብላ ነጩን ቀባች።