ከአሥራ ሦስት በኋላ

ይህ በእኔ የደረሰ ነው። የማያምን ይተወው፤ አለመታመን ለምጄዋለሁ።

አሥራ አራት ዓመት አንድ ነገር በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ። እናታችን ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣባት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀሚሷን ስለካ እሱንም ለካሁት። ከወገቧና ከትከሻዋ ልክ ሥር ደብተሬ ላይ ጻፍኩ... 4 ሚሊሜትር። በሳምንቱ 6። ከዚያ 9።

«እያደገ ነው፤ ሐኪም ይየው» አልኳት ታላቅ እህቴን።

«ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥሽው ዶክተር ሆንሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

13 ሲደርስ እናታችን ተኛች። አልተነሳችም።

ዘንድሮ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ እህቴ ቀሚስ ልታሰፋ ሱቄ መጣች። ዚፑን ስከፍት...

ያው ነጥብ። ያው ቦታ፣ ከግራ ትከሻዋ አጥንት ሥር።

ሜትሬን አስጠጋሁ። 4።

ለልክ በመጣች ቁጥር አየሁት። በሳምንቱ 6። ጠፍጣፋው አበጥ ብሏል፤ ጠርዙም እንደተቀደደ ጨርቅ ሆኗል።

«እታለም፣ ይሄ ነገር...»

«ጀመረሽ ደግሞ። እጅጌውን አሳጥሪልኝ።»

ከዚያ 9። የድሮውን ደብተር አወጣሁ።

ቁጥሩ ብቻ አይደለም... ወሩም፣ ቀኑም አንድ ነው።

13 የተጻፈበት ቀን ዘንድሮ የሚውለው ሐሙስ ነው።

ረቡዕ መጣች። ለካሁ። 12።

ቀሚሱ በስፒል እንደተያያዘ እጇን ይዤ ወደ በሩ ጎተትኳት።

«አብደሻል? ሰው ያየናል» አለች በሹክሹክታ።

«ይየን። ዛሬ ብትገድዪኝም አልለቅሽም።»

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ለካችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ከስድስት ሚሊሜትር ካለፈ ያሰጋል፤ ይሄ አልፏል፣ ጠርዙም አያምርም... መጀመሪያ ማን ነው ያየው?»

እህቴ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

ያንኑ ቀን ቆርጠው አወጡላት።

ሱቄ ተመለስኩ። ቆልፌ ነበር የሄድኩት። ደብተሩንም ዘግቼ...

ተከፍቷል።

ከእናታችን ልክ ሥር አዲስ መስመር አለ። የእጅ ጽሑፉ የራሴ ነው። የእኔ ስም፣ የእኔ ወገብ፣ የእኔ ትከሻ። እኔን ደግሞ ማንም ለክቶኝ አያውቅም።

መጨረሻው ላይ፣ 4።

ቁጥሩን ነካሁት። ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀረ።

በመጣሁበት እግሬ ወደ ሐኪሟ ተመለስኩ። ጀርባዬን ገልጣ ማስመሪያዋን አስጠጋች።

«አራት ብቻ ነው፤ ለጊዜው እንከታተለው» አለች።

«የለም ዶክተር። አሁኑኑ ይቁረጡልኝ።»

እየቆረጠችው ጣቴን አየሁ... ቀለሙ ገና አልደረቀም።