የተገሠጸው ሰይጣን

«ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!»

እማማ ብዙነሽ ከፊት ወንበር ተነሥተው ጣታቸውን ወደ መድረኩ ቀሰሩ። ሰይጣን ሆኖ የሚጫወተው ቀዳማዊ ቃሉ ጠፋበትና እውነትም ወጣ። ዓለም ባንክ ባለው የጸሎት አዳራሽ የተሰበሰበው ሁሉ «ሃሌሉያ!» ብሎ አጨበጨበ። ድራማው ገና ሳይጋመስ ሰይጣን አለቀለት።

የምትፈተነዋን ልጅ የምትጫወተው ርሆቦት መድረኩ ላይ ብቻዋን ቀረች። ያላሰበችውን መዝሙር አንሥታ እንደምንም ትዕይንቱን ዘጋችው። ከመጋረጃው ጀርባ ግን አፈጠጠችበት።

«አንተ፣ ሰይጣን በአንድ ጩኸት ይፈረጥጣል እንዴ?»

«እማማ ብዙነሽ ናቸው እኮ! እኔም አመንኳቸው።»

ድራማው ከሰዓት በሁለተኛው ፕሮግራም ይደገማል። ምሳ ላይ አባቷ አቶ በየነ የሰሞኑን ነገር አነሡ።

«የዩኒቨርሲቲ ምርጫው ነገ ይዘጋል። ቴአትር ካልሽ እሺ፤ የቴአትር መምህርነቱን ሙዪ። ድግሪ ድግሪ ነው።»

«አይደለም አባዬ! የትወናው ድግሪ ድምፅ ነው፣ አካል ነው፣ መድረክ ነው። ለመግባት ራሱ ተጫውተህ ትፈተናለህ። የመምህርነቱ ግማሹ የማስተማር ዘዴ ነው። መጫወት ያቃተው ነው የሚያስተምረው!»

«ሥራ የሚያገኘውም እሱ ነው።»

«ሁሌ ሥራ!» ምሳዋን ትታ ተነሣች።

ከመጋረጃው ጀርባ ቀዳማዊ ጥቁር ካባውን አውልቆ ሲያጣጥፍ አገኘችው።

«ሌላ ሰው ፈልጊ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ።»

«አርፈህ ልበስ! ሲገሥጹህ ምን ተሰማህ?»

«ፈራሁ።»

«እሱን አትደብቀው። ውደቅ። ግን ዓይንህን ከእኔ ላይ አታንሣ። ከዚያ ቀስ ብለህ ተነሣ።»

ወደቀ፣ ተነሣ። «ቸኮልክ» አለችው። እንደገና ወደቀ። ጉልበቱ አቧራ እስኪለብስ አስደጋገመችው። ንዴቷ መቼ እንደበረደ አላወቀችም።

ከሰዓት እማማ ብዙነሽ እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። አላሳፈሯቸውም።

«ውጣ!»

ቀዳማዊ ወደቀ። ጭብጨባው ተነሣ። ሰይጣኑ ግን መሬት ላይ እንዳለ ዓይኑን ከልጅቷ ላይ አልነቀለም። አንድ እጁ ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ተነሣ። ጭብጨባው ሞተ። አንድ ሕፃን አለቀሰ። እማማ ብዙነሽም ሳይታወቃቸው ተቀመጡ።

ርሆቦት አፏን ከፍታ ታየዋለች።

«ተራሽ ነው!» አለ ሰይጣኑ በሹክሹክታ።

ወደ አየር ጤና በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ትወና፣ መምህርነት። ጣቷ ትወናው ላይ ቆየ። እሷ ራሷ ተጨብጭቦላት ያውቃል፤ ቀዳማዊ ሲነሣ የመታውን ያህል ግን ልቧ መትቶ አያውቅም። ያናደዳት ሌላ ነው፦ አባቷ ትክክል ሊሆኑ ነው፣ ያውም በተሳሳተ ምክንያት።

መምህርነቱን ነካችና ላከችው።

አቶ በየነ በትከሻዋ በኩል አዩ። «አየሽ! የሥራው ነገር ገባሽ።»

«አልገባኝም! ስለ ሥራ አንድ ቃል ትናገርና እቀይረዋለሁ።»

አባት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እሷ ቀዳማዊ ጋ ደወለች።

«ነገ ልምምድ አለን።»

«ድራማው አልቋል እኮ!»

«ይለቅ። አነሣስህ ጥሩ ነው። ስትራመድ ግን ዶሮ ነው የምትመስለው።»