አስራ አንድ ጆፌ አሞራ

ሙላት አልምልም አለ።

ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ እዛው ቆሜ ነበር። ነሐሴ ውስጥ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከይጁቤ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬደው መንደራችን ውስጥ።

አውጫጭኝ ተቀምጠን ነው። ለማታውቁት... ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲታጣ መንደሩ በሙሉ ይሰበሰባል። ከዛ እያንዳንዱ ሰው "አላደረግሁም፣ ያደረገውንም አላውቅም" እያለ በመስቀል ይምላል።

ጥፋቱ መርዝ ነው። የጎረቤታችን የሙላት አህያ ሞታ፣ እንደተለመደው አሞራ እንዲያጸዳት ገደሉ አፋፍ ጣላት። በማግስቱ ቀትር ላይ አስራ አንድ ጆፌ አሞራ እዛው ዙሪያዋን ተዘርሮ ተገኘ። የጋሽ ቢተው ሁለት ውሾችም አብረው።

"አህያዋ ያንተ ናት፤ ማል" አሉት።

"አላደረግሁም። ግን አባቴም ምሎ አያውቅ፣ እኔም አልምልም።"

ጋሽ ቢተው ሳቅ አለ። "ለመማል አፍህ ከበደ፣ ለመመረዝ እጅህ ቀለለ?"

በቃ። ከእድር እንዲወጣ፣ እሳት እንዳይሰጠው፣ የታመመ ቢኖርበት እንኳ ቃሬዛውን ማንም እንዳይሸከምለት ተወሰነ።

ከሱ ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነበርኩ።

ማልኩ።

መርዙን ያፈሰስኩት ግን እኔ ነኝ...

ጅብ ሦስት በጎቻችንን በልቶብን ነበር። ሲመጣ አህያዋን በልቶ ይሙት ብዬ የተባይ መድኃኒት ደፋሁባት። ጅቡ እስከዛሬ በሰላም ይጮሃል።

እሑድ ሂዊ መጣች። የአክስቴ ልጅ ናት፤ ሉማሜ ከተማ ባዮሎጂ ታስተምራለች። አሞሮቹን ካላየሁ ብላ ይዣት ወረድኩ። እጇ ላይ ፌስታል አጥልቃ የአንዱን እግር አነሳች። ቅርፊቱ... ጥፍሩ...

"ድረስ፣ ይሄ እግር የወፍ ይመስልሃል?"

ዳይኖሰር ሙሉ በሙሉ አልጠፋም አለችኝ። ከሰማይ ድንጋይ ወርዶ ምድር ስትነድ ግዙፎቹ አለቁ፤ ላባ ከነበራቸው ትንንሾቹ ውስጥ ጥቂቶች ተረፉ። ወፍ ሁሉ የነሱ ዘር ነው፣ የእናትህ ዶሮ ሳትቀር፣ አለች። ስልሳ ስድስት ሚሊዮን ዓመት ያንን ሁሉ አልፈው...

"እዚህ ደርሰው በአንድ ብልቃጥ መርዝ" አለች።

እግሩን የተኛ ልጅ እንደምታስተካክል ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። ማን እንዳደረገው አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጓሯችን፣ ጭቃው ላይ ዱካ አየሁ። ሦስት ጣት። ስንዝር ያህል። የተረፈ አሞራ አለ ማለት ነው ብዬ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ማክሰኞ... ስንዝር ተኩል።

ረቡዕ ክንዴን አጋደምኩበት። ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ።

ልክክ አለ።

ዱካው ከገደሉ በኩል ወደ ቤታችን ይመጣል። የሚመለስ የለም። አንድም።

ዶሮዎቹም ልክ አልነበሩም። እናቴ እህል ብትበትንላቸው አይለቅሙም። ሁሉም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ በአንድ ዓይናቸው፣ እኔን ያያሉ።

ሐሙስ ቀትር ላይ እናቴ ገበያ ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ። ሙላት መጣ። ዝናቡ አበስብሶታል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አልገባም።

"ድረስ ወንድሜ..." በሹክሹክታ ነው። "ሽታዬ ምጥ ይዟታል። ከትናንት ጀምሮ።"

አምቡላንስ ከዋናው መንገድ አይዘልቅም። ሚስቱን እስከዛ በቃሬዛ የሚያደርስ አራት ሰው ያስፈልጋል። ቤት ለቤት ለምኖ ሁሉም ፊቱን አዙሮበታል። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" ብዬ አንድ ጊዜ ብጮህ መንደሩ ነቅሎ ይወጣላት ነበር። ይሄን አውቃለሁ። ያኔም አውቀው ነበር።

"ከጠየቁህ አስገድዶኝ ነው በል" አለኝ። "እኔ ላይ አድርገው። ግድ የለም።"

እሱ ለኔ ተጨነቀ...

አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ቢተው ታየኝ። የሳምኩት መስቀል ታየኝ።

በሩን ዘጋሁት።

"ድረስ" አለ ሙላት።

መቀርቀሪያውን ጨበጥኩ።

"ድረስ..." ድምፁ ተሰበረ።

ከዛ ለሦስተኛ ጊዜ ስሜ ተጠራ።

ሙላት አልነበረም። ጉሮሮ ውስጥ የሚንኳኳ፣ ዝቅ ያለ፣ አፍ ለቃል እንዳልተሠራለት ነገር... ድ... ረ... ስ...

የመጣው ከውጭ አይደለም። ከኋላዬ ነው። ከጓዳ።

ዞር አልኩ። የጓዳው መጋረጃ ቀስ ብሎ ገለጥ አለ... ሰው በሚገልጥበት ቁመት አይደለም። ከላይ። ከጣሪያው ሥር።

ከበሩ ማዶ ሙላት ገና አልሄደም፤ ሲያለቅስ ይሰማኛል። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነው።

እናንተ ብትሆኑ... በሩን ከፍታችሁ ምን ትሉት ነበር?